የጠረጴዛው ፊት የተሰነጠቀው በኮላው ድክመት አይደለም

ከኦክ ጣውላ የሠሩት ጠረጴዛ ደረቁ ወቅት ሲገባ መሃሉ ላይ እንደተሰነጠቀ ገልጸው የተሻለ የሚይዝ ኮላ ጠይቀዋል። ስንጥቁ ያለው በመጋጠሚያው ላይ ሳይሆን ከአጠገቡ ባለው እንጨት ላይ መሆኑንም ጽፈዋል። እንዲህ ከሆነ ኮላው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ለቤት ውስጥ ዕቃ ተራው ነጭ የእንጨት ኮላ ይበቃል፤ ችግሩ የላይኛውን ጣውላ ከሥሩ ካሉት አግዳሚዎች ጋር ዙሪያውን በኮላና በብሎን ማሰርዎ ነው።

እንጨት በርዝመቱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያሳይም። በወርዱ ግን አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የዕድገት ቀለበቶቹ ከፊቱ ጋር ተጋድመው የሚታዩበት፣ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የኦክ ገጽ የእርጥበት መጠኑ በ4 የመቶኛ ነጥብ ሲቀንስ (ለምሳሌ ከ12 ወደ 8 በመቶ ሲወርድ) ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠብባል። ቀለበቶቹ ቀጥ ብለው የቆሙበት ጣውላ የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የጣውላውን ጫፍ ይመልከቱ። ቫርኒሽ ይህን እንቅስቃሴ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ሻጮች የሚሉትን አይመኑ።

እኔ የጠረጴዛ ፊት ስገጥም በአግዳሚው መሃል ላይ ብቻ ክብ ቀዳዳ አበጃለሁ፤ ጣውላው ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሁለቱም ጎን እኩል ይሄዳል። በጎንና በጎን ያሉትን የአግዳሚው ቀዳዳዎች ግን በላይኛው ጣውላ ወርድ አቅጣጫ ሞላላ አድርጌ እቆፍራለሁ። ብሎኑን ከሮንዴላ ጋር አስገብቼ ጣውላውን እስኪይዝ ብቻ አጠብቃለሁ፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን ሞላላውን ቀዳዳ ከንቱ ያደርገዋል። ሌላው መንገድ በአግዳሚው ውስጠኛ ገጽ ላይ ቦይ ማውጣትና ምላስ ያላቸውን ትንንሽ የእንጨት ቁራጮች ወደ ቦዩ አስገብቶ ከላይኛው ጣውላ ጋር በብሎን ማሰር ነው። ይህኛው ጊዜ ይወስዳል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

በጣውላው ጫፍ ላይ አቋርጦ የሚገባ ማሰሪያ ካስፈለገዎት ኮላ የሚቀባው መሃሉ ብቻ ነው። የቁም ሳጥን በር ሲሠሩም የመሃሉ ጣውላ በፍሬሙ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ይቀመጥ። በደረቅ ወቅት የሚሠሩ ከሆነ የሚያብጥበት ክፍተት በቦዩ ውስጥ ይተዉለት፤ ከመገጣጠሙ በፊትም ቀለም ይቀቡት፣ አለበለዚያ ሲኮማተር ያልተቀባው ጠርዝ ይታያል። ኮምፔንሳቶና ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ብዙም ስለማይንቀሳቀሱ በዙሪያቸው ቢጣበቁ ችግር የለም።

አሁን ያለውን ጠረጴዛ በተመለከተ መጀመሪያ ብሎኖቹን በሙሉ ይፍቱ። ነጭ ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለሰልስ አግዳሚዎቹን በትዕግሥት ማላቀቅ ይቻላል፤ እምቢ ካለ በስስ መጋዝ ይለዩት። ከዚያ ጣውላው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ይቆይ፤ በራሱ ካልገጠመ በስንጥቁ መስመር ቆርጠው፣ ጠርዞቹን በመላጊያ አስተካክለው እንደገና ያጣብቁት።