የእሷ ቅዳሜ እና ያንተ ቅዳሜ

ደብዳቤው ረጅም ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ባለቤቴ አሜሪካ ከሄደች 4 ዓመት ሆናት። እኔ ሁለት ልጆቻችንን ይዤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው ያለሁት። በሰኔ መጨረሻ ሳትነግረኝ ከጓደኞቿ ጋር ለኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ሄደች። ሦስት ቀን ሙሉ ጥብስ፣ ጭፈራ፣ ኳስ። ያየሁት እንደማንኛውም ሰው ፌስቡክ ላይ ነው። አንዱ ፎቶ ላይ የማላውቀው ሰው ሲያጎርሳት ይታያል። እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደጋግሜ ደወልኩ፤ አላነሳችም። ከዚያ ወዲህ ዘግቻታለሁ። ኳስ እንኳ አትወድም እኮ! ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ከሰዓቱ ልጀምር። በሰኔ እዚህ እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን፣ እሷ ያለችበት የአሜሪካ ምሥራቅ ገና ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ነው። ይህን በ4 ዓመት ውስጥ ሳታውቀው አትቀርም። የደወልከው ልታወራት ነው ወይስ አለማንሳቷን ልታረጋግጥ?

ኳስ አለመውደዷንም እንደ ማስረጃ አቅርበኸዋል። ይህ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረ፣ በጁላይ 4 ሰሞን፣ ከተማ እየቀያየረ የሚካሄድ ነው። ብዙው ሰው ግን ጎል ሊቆጥር አይሄድም። ድንኳን ሥር ቁጭ ብሎ አማርኛ እንደልቡ ሊያወራ፣ ከድሮ ሰፈር ልጅ ጋር ድንገት ሊገጣጠም ነው የሚሄደው። ባለቤትህ በሳምንት 6 ቀን አዛውንት እንደምትንከባከብ የነገርከኝ በግማሽ መስመር ነው። ስለ ፎቶዎቹ አንድ ገጽ ተኩል ጽፈሃል። (የሰኔ ጾም ላይ ጥብስ መብላቷንም አንስተሃል። እሱን ለንስሐ አባቷ እንተወው።) ስለ ሰውየው እኔ የማውቀው የለም፤ አንተም የምታውቀው አንድ ጉርሻ ነው። በየሠርጉ ስንት ሰው አጉርሶሃል?

እኔን ግን ያስቆመኝ ፎቶው አይደለም። ደብዳቤህ መሀል ላይ እንደዋዛ የጣልካት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ኳስ አይ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ።» ለምን እንደተውከው እዚያ አልጻፍክም። ምክንያቱን ያገኘሁት ስለ ሌላ ጉዳይ ስታወራ ነው። ሒሳብ ሲመጣ ጓደኞችህ «ዶላር የሚገባለት ይክፈል» ይላሉ። አንዱ ደግሞ «ሚስቱ ቀጥራዋለች» ብሎ አሳቃቸው። አንተም አብረህ ሳቅህ። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ቤት አልተመለስክም።

እኔ ሕመሙ ያለው እዚህ ይመስለኛል። በሚስቱ ገንዘብ የሚኖር ወንድ በእኛ አገር ስም አልተሰጠውም፤ የተሰጠው ቀልድ ብቻ ነው። ቀልዱ ደግሞ ከሰው ጋር ባልተቀመጥክ ጊዜም ይከተልሃል። ብሩ በገባ ቁጥር ቴክስቱን ስታይ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ስትከፍል። ያፈረ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ ራሱን ይቀጣል፤ ጓደኛ ያቆማል፣ ኳስ ያቆማል፣ «እኔ እዚህ ሽሮ እየበላሁ» ማለት ይጀምራል። ቀጥሎ ተቆጣጣሪ ይሆናል። ገንዘቡ የእሷ ከሆነ ቢያንስ ቁጥጥሩ የእኔ ይሁን ይላል፤ ሳይታወቀው። አንተ ራስህ ላይ ያወጅከውን ጾም እሷም እንድትጾምልህ ትጠብቃለህ። ግን ጾሙን ያወጀብህ እሷ አይደለችም።

ሳትነግርህ መሄዷ ልክ አይደለም፤ ይህን አልሸፋፍንም። ቢሆንም ለገና ጓደኞቿ ጋ እንዳመሸች ስትነግርህ ሁለት ቀን እንዳኮረፍክ አንተው ጽፈሃል። እንዲህ ሲሆን ሰው ደስታውን መደበቅ ይለምዳል።

ሌላም ያልከው አለ፤ «ዝም ብዬ ቤት ነኝ»። አይደለህም። ሌሊት ውኃ ስትመጣ ተነስተህ ጀሪካን የምትሞላው አንተ ነህ። ዩኒፎርም ታጥባለህ። ትንሿን ልጅህን እሁድ እሁድ ጎረቤት ወስደህ ፀጉሯን ታሠራለህ። በዚያ ጭቃ፣ አዝለሃት። ይህን ሁሉ የጻፍከው እንደ ብሶት ነው። እኔ ሳነበው ግን እሷ ያለ ሥጋት አዛውንት የምትንከባከበው ለዚህ ነው አልኩ። ለእሷ እንዲህ አድርገህ ነግረሃት ታውቃለህ?

የማደርገው ምን ይሁን ብለሃል። ብዙ የለኝም። እሁድ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደውልላት፤ እዚያ ገና ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። በጉርሻው አትጀምር። ስለ ዲኤስቲቪ ቤቱ ንገራት፤ ያቺን ቀልድ እንዳለች። ይከብዳል፤ በመጀመሪያው ስልክ ላይወጣልህም ይችላል። ስለ ሰውየው የምትጠይቅበት ቀን ይመጣል፤ ያን ጊዜ ግን ምርመራ አይመስልም። ከጓደኞችህ አንዱን፣ ያልሳቀውን ካለ፣ ለብቻው ቡና ጋብዘው። ሌሊት እንቅልፍ እንደሌለህም ጽፈሃል። ስለዚህ አንድ የምክር ባለሙያ ፊት ለፊት ብታገኝ ደስ ይለኛል፤ በደብዳቤ የማላየው ብዙ ነገር አለ።

እስከዚያው ግን ስትደውልላት ዋንጫውን ማን እንደወሰደ ጠይቃት። ምናልባት አታውቅም።