ጥያቄና መልስ፦ «እናቴ ምሰሶ ናት» በቀመር ሲለካ

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ የአማርኛን ተለዋጭ ዘይቤ በሒሳብ ልለካ እየሞከርኩ ነው። የቃላቱን ቬክተር (ቃሉ የሚገባበትን ዐውድ የሚወክሉ ቁጥሮች) አዘጋጅቼ፣ የቬክተሮችን መቀራረብ በሚለካው በኮሳይን ስለካ «እናት» እና «አባት» በጣም ይቀራረባሉ፤ «እናት» እና «ምሰሶ» ግን ይራራቃሉ። «እናቴ ምሰሶ ናት» ደካማ ዘይቤ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የተሳሳተው መለኪያው ነው። ኮሳይን የሚያሳየው ሁለት ቃላት በተቀራራቢ ዐውድ መግባታቸውን ብቻ ነው። ደግሞም ከየትኛውም ወገን ቢለኩ ውጤቱ አንድ ነው፤ «ምሰሶው እናቴ ነው» ሲባል ግን ትርጉሙ ሌላ ይሆናል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ዴድሬ ጌንትነር በ1983 እ.ኤ.አ. ባቀረበችው የመዋቅር ማዛመድ ንድፈ ሐሳብ ይጀምሩ። እንጨትነትንና ርዝመትን የመሰሉ ባሕርያትን ትተው ዝምድናዎችን ይጻፉ፦

ይሸከማል(ምሰሶ፣ ጣራ)
ምክንያት[ይጎድላል(ምሰሶ)፣ ይፈርሳል(ጣራ)]

ይሸከማል(እናት፣ ቤተሰብ)
ምክንያት[ይጎድላል(እናት)፣ ይፈርሳል(ቤተሰብ)]

ማዛመዱ አንድ ለአንድ ነው፤ ምሰሶ ለእናት ከተሰጠ ለአባት አይደገምም። ከፍተኛ ነጥብ የሚያገኘው እንደ «ምክንያት» ያለ፣ ሌሎች ዝምድናዎችን የሚያስር ዝምድና ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግሶቹ ላይ ነው። ለጣራው «ይወድቃል»፣ ለቤተሰቡ «ይበተናል» ብለው ከጻፉ ዝምድናዎቹን የሚያዛምደው ፕሮግራም አያገናኛቸውም። ሁለቱንም «ይሆናል» ካሉ ደግሞ ሁሉም ነገር ከሁሉም ይገጥማል። «ይፈርሳል» የተሻለ ነው፤ አማርኛው ራሱ «ትዳሩ ፈረሰ» ይላልና።

አቅጣጫውን ለመለየት የተመራማሪውን የአንድሩ ኦርቶኒን የ1979 እ.ኤ.አ. ሐሳብ ይጨምሩ፦ የጋራው ባሕርይ በማነጻጸሪያው (በምሰሶ) ላይ ጎልቶ፣ በሚነጻጸረው (በእናት) ላይ ደብዝዞ መገኘት አለበት። ለምሳሌ «መሸከም» ለምሰሶ 0.9፣ ለእናት 0.3 ቢሰጠው፣ ክብደቱን ከምሰሶ በኩል ይውሰዱ። ዓረፍተ ነገሩ ሲገለበጥ 0.9 የነበረው 0.3 ይሆናል።

የቬክተር ርቀቱን አይጣሉት፤ መዋቅሩ ከገጠመ በኋላ የአዲስነት መለኪያ ይሆንዎታል። ከዚያ በፊት ግን ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ እንዲሁም ሰና ሠን አንድ ያድርጉ፤ «ምሰሶዬ» እና «ምሰሶውን» የሚሉትንም ወደ «ምሰሶ» ይመልሱ። አለበለዚያ የአንድ ቃል ድግግሞሽ ተበታትኖ ቬክተሩ ይደክማል።

ሰምና ወርቅን በዚህ ሞዴል አይሞክሩት። ኅብረ ቃሉ (ሰሙንም ወርቁንም የያዘው ቃል) ብዙውን ጊዜ የቆመው በድምፅ ላይ ስለሆነ፣ ሥራው አንዱን የፊደል ሰንሰለት በሁለት መንገድ መቁረጥ ነው፤ የድምፅ መጥበቅና መላላት በጽሑፍ ስለማይታይም የአነባበብ መዝገብ ያስፈልገዋል።