ከቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

(ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ብሪክስ ከገባን በኋላ ዶላር ለምን አልረከሰም? አንድ አንባቢ ናቸው፤ ቆጣ ብለዋል።

ብሪክስ የአገሮች ስብስብ እንጂ የምንዛሪ ቢሮ አይደለም። ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከኢራንና ከኤምሬትስ ጋር አባል የሆነችው በ2024 መጀመሪያ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ከጀርባ የነበረው ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ነው። ቁጣዎን ወደዚያ ያዙሩት።

ጅቡቲ ውስጥ አሜሪካና ቻይና ሁለቱም የጦር ሰፈር አላቸው?

አላቸው። ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ጃፓንም አሉ።

የገልፍ አገሮች ወደቦቻችን ላይ የሚረባረቡት ወደውን ነው ወይስ…? (ነጥቦቹ የጠያቂው ናቸው።)

ፍቅርም ጠላትነትም አይደለም፤ ጥቅም ነው። የቀይ ባሕር ደቡባዊ በር የሆነው ባብኤል መንደብ ጠባቡ ቦታ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች መርከብ ሲመቱ ብዙዎቹ መርከቦች አፍሪካን ዞረው መሄድ ጀመሩ። እንዲህ ባለ በር አጠገብ ቦታ መያዝ የማይፈልግ ማን አለ?

አሰብን እንይ። ኤምሬትስ በ2015 ለየመን ጦርነት የጦር ሰፈር ሠራችበት፤ በ2021 ነቃቅላ ሄደች። ጅቡቲ ደግሞ በ2018 የዱባዩን የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድ ከዶራሌ ወደብ አስወጣች። ኩባንያው ግን የሶማሌላንዱን በርበራ ወደብ ቀድሞ ይዞ ነበር። ለኢትዮጵያም እዚያ 19 በመቶ ድርሻ ተባለላት። በ2022 የሶማሌላንድ ባለሥልጣናት «ግዴታዋን አላሟላችም፣ ቀርቷል» አሉ።

እነሱ ማስላታቸው አይገርመኝም። የሚያንገበግበኝ እኛ በየፊናችን መደራደራችን ነው። በ2020 ሪያድ ላይ የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ አዋሳኝ አገሮች ምክር ቤት ሲቋቋም ሱዳን፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ ገቡ። ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ ስለሌላት ውጭ ቀረች። አብዛኛው ዕቃዋ የሚመጣው ግን በዚያው ባሕር ነው! የእርስ በርስ ጠባችንን ለማብረድ እንኳ ባሕር እንሻገራለን፦ ኢትዮጵያና ኤርትራ በ2018 ጅዳ፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በ2024 መጨረሻ አንካራ። የአካባቢያችን አገሮች ድርጅት የኢጋድ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚሁ ጅቡቲ ተቀምጧል። ባለጉዳይ አጥቶ ነው እንዳልል ጉዳዩ ሞልቷል። አንድ ላይ ቁጭ ብለን «የወደብ ውል ስንፈርም ዝቅተኛው መስፈርታችን ይሄ ነው» ብንባባል፣ ከማዶ የሚመጣው ሰው አንዱን በአንዱ ማስፈራራት ይከብደው ነበር።

ከዱባይ ዕቃ አስመጣለሁ። ካሁን በኋላ በብር መክፈል እችላለሁ ተባልኩ።

ማን እንዳለዎት አላውቅም። ሁለቱ ማዕከላዊ ባንኮች በ2024 እስከ 46 ቢሊዮን ብርና 3 ቢሊዮን ድርሃም ለመለዋወጥ ተስማምተዋል። ስምምነቱ የእነሱ ነው፤ ለዱባይ ነጋዴ ብር ቆጥረው ይስጡት ማለት አይደለም። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ባንክዎ ሄደው ይጠይቁ። ለወጉ ያህል አይደለም የምለው፤ ነገ ጠዋት ይሂዱ። መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

የመን የገልፍ ትብብር ምክር ቤት አባል ናት? ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል፤ እኔ ናት ብያለሁ።

አይደለችም። አባላቱ ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኳታር፣ ኩዌት፣ ባሕሬንና ኦማን ናቸው። ተበልተዋል፤ ይክፈሉ።