ከአዘዞ ተነስቶ ከቦሌ ወዲያ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥምቀት አልፎ ለበዓሉ የመጡ ዘመዶች ሲመለሱ፣ ቪዛ የደረሰላቸውም ሲከተሏቸው፣ ይህ ዓምድ የሻንጣና የትኬት ጥያቄ ይበዛበታል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ትኬቴ ላይ «ፌብሩዋሪ 11፣ ረቡዕ፣ 00፡30» ይላል። ቤት ውስጥ ተከራክረን አልተስማማንም። ከቦሌ የምነሳው መቼ ነው? ከጎንደርስ መቼ ልውጣ?
(ተጓዥ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ የሚነሱት ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ነው፤ ከሌሊቱ 6፡30። በትኬቱ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ እኛ ገና የማክሰኞ ሌሊት የምንለውን ትኬቱ ረቡዕ ብሎታል። ስለዚህ ቦሌ መገኘት ያለብዎ ማክሰኞ የካቲት 3 ከምሽቱ 3፡30 በፊት ነው። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ተሰናብቶ ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚሄድ ሰው ሲደርስ አውሮፕላኑ ከተነሳ 21 ሰዓት ሆኖታል።

ሰዓቱን ወደኛ ለመመለስ፦ ከ07፡00 እስከ 18፡59 ከሆነ 6 ይቀንሱ፤ ከ19፡00 ጀምሮ ከሆነ 18 ይቀንሱ፤ ከ00፡00 እስከ 06፡59 ከሆነ 6 ይደምሩ። ከጎንደር 14፡20 የሚል በረራ ካለዎት ከቀኑ 8፡20 ነው። የማክሰኞን የጠዋት በረራ ቢይዙ ይሻላል። ከጎንደር አዲስ አበባ በአየር አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆንም፣ የአየር ጠባይ አንዱን በረራ ቢያስቀረው ሌላ የሚጠብቁበት ቀን ይኖርዎታል።

የመድረሻው ሰዓት ደግሞ የሚደርሱበት አገር ሰዓት ነው። ለሚቀበልዎ ዘመድ ቁጥሩን እንዳለ ይላኩለት፤ ወደ ሐበሻ ሰዓት ለውጠው ከላኩለት እሱ መልሶ ሲለውጠው አንዳችሁ ትሳሳታላችሁ።

ጥያቄ፦ ከጎንደር ዋሽንግተን በአንድ ትኬት ነው የምሄደው፤ ከዚያ ዴንቨር። ሻንጣዬን ቦሌ ላይ ተቀብዬ እንደገና ላስመዝግብ?
(ከአዘዞ)

መልስ፦ መልሱ ሻንጣዎ እጀታ ላይ የሚታሰረው ወረቀት ላይ ነው ያለው። በአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣው ሚዛን ላይ እያለ፣ ከመሄዱ በፊት፣ ታጉ ላይ በትልቁ የታተሙትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ያንብቡ። አዲስ አበባ «ኤ.ዲ.ዲ» ነው፤ የዋሽንግተኑ ደለስ «አይ.ኤ.ዲ»፤ ዴንቨር «ዲ.ኢ.ኤን»። በትልቁ የታተመው የመጨረሻው መድረሻ ከሆነ ቦሌ ላይ አይነኩትም። «ኤ.ዲ.ዲ» ብቻ ከሆነ እዚያው ይጠይቁ፤ ቦሌ ትቀበላለህ ካሉዎት ከሀገር ውስጥ በረራ መውጫ ላይ አንስተው ወደ ዓለም አቀፉ ይዘው መሄድ አለብዎ። ከቀድሞ ጉዞ የቀረ ታግ ካለ ቤትዎ ቆርጠው ይጣሉት፤ አሮጌ ባርኮድ ማሽኑን ያሳስተዋል፣ ሻንጣውም ዓምና ወደሄዱበት ሊሄድ ይችላል።

ሻንጣው ቢያልፍም እርስዎ ግን በእግርዎ ነው የሚያልፉት። የሀገር ውስጡ በረራ የሚያርፈው ተርሚናል 1 ነው፤ ዓለም አቀፉ የሚነሳው ከጎኑ ካለው ተርሚናል 2። በሩ ላይ ፍተሻ አለ፤ ቀበቶና ጫማ ይወልቃል። ቦርዲንግ ፓስዎን ጎንደር ተቀብለው ከሆነ የሻንጣ ሰልፉን ትተው በቀጥታ ወደ ኢሚግሬሽን ይሂዱ፤ ከዚያ ሁለተኛ ፍተሻ፣ ከዚያ በርዎ። ሸኚ እስከ መጀመሪያው በር ብቻ ነው፤ የመጨረሻው መሳሳም እዚያ ይለቅ።

አሜሪካ ሲደርሱ ሥርዓቱ ይገለበጣል። ሻንጣው እስከ ዴንቨር ቢታሰርም፣ መጀመሪያ በገቡበት ከተማ፣ ማለትም ደለስ፣ ከቀበቶው ላይ ያነሱታል፤ በጉምሩክ ያሳልፉታል፤ ወጣ ሲሉ ለቀጣይ በረራ መልሰው ያስረክባሉ። «እስከ መጨረሻው ታስሯል» ብሎ ትቶት የሚሄድ ሰው ዴንቨር ባዶ እጁን ይደርሳል።

በመንገድ ላይ አውሮፕላኑ አንድ ቦታ ቢያርፍ አይደንግጡ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ጭኖ ለመነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ ሲሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ ይቀዳል። «ዋሽንግተን ደርሰናል» እስኪባል ድረስ ከመቀመጫዎ አይነሱ።

ሻንጣ ቢጠፋ ከአዳራሹ ሳይወጡ ያመልክቱ፤ የማመልከቻ ቁጥርም ይቀበሉ። ቦርዲንግ ፓስዎ ወይም ፓስፖርትዎ ላይ የሚለጠፍልዎ ትንሿ ወረቀት ላይ ያለው የታግ ቁጥር ነው የሚፈለገው። ጉዳት የደረሰበትን በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ የደረሰን ደግሞ እጅዎ ከገባ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለብዎ።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ብቻ ነው የምትናገረው፣ ጉልበቷንም ያማታል። ብቻዋን በዱባይ አልፋ ልትሄድ ነው። ዊልቸር ይሰጣሉ?
(እናቱን የሚሸኝ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ይሰጣሉ፣ አይከፈልበትም። ግን አየር መንገዱ ሦስት ዓይነት ዊልቸር ስለሚመዘግብ በደፈናው «ዊልቸር» ብለው አይተዉት። «ደብሊው.ሲ.ኤች.አር» ደረጃ መውጣት ለሚችል፣ ረጅም መንገድ ግን ለሚከብደው ነው። «ደብሊው.ሲ.ኤች.ኤስ» ደረጃ ለማይችል፣ አውሮፕላን ውስጥ ግን እስከ መቀመጫው ለሚራመድ። «ደብሊው.ሲ.ኤች.ሲ» ፈጽሞ ለማይራመድ። ጎንደር ላይ ወደ አውሮፕላኑ የሚወጣው በደረጃ ነውና ጉልበታቸው ደረጃ ካስቸገራቸው ሁለተኛውን ያስመዝግቡ። የመጀመሪያውን ከያዙላቸው ገፊው እስከ ደረጃው ሥር አድርሶ «ይውጡ እንግዲህ» ይላቸዋል፤ የእሱም ጥፋት አይደለም።

ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ያስመዝግቡ፤ ከዚያም እያንዳንዱ በረራ ላይ መግባቱን ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አንዱ በረራ ላይ ብቻ ሲመዘገብ ነው፤ ጎንደር ላይ ይገፏቸዋል፣ ዱባይ ላይ የሚጠብቃቸው የለም።

ፓስፖርትና ቦርዲንግ ፓሱ አንገት ላይ በሚንጠለጠል ቦርሳ ይሁን። አንድ ካርቶን ላይ በእንግሊዝኛ ስማቸውን፣ የቀጣዩን በረራ ቁጥርና ሰዓት፣ የሚቀበላቸውን ሰው ስልክ፣ ከሥሩም «አማርኛ ብቻ ነው የምናገረው» የሚል ይጻፉላቸው። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ይንገሯቸው፦ ትራንዚት ላይ ገፊው አንድ ቦታ አስቀምጧቸው ሊሄድ ይችላል፤ ተረስተው አይደለም፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሌላ ሰው ይመጣል። ተነስተው ፍለጋ ከሄዱ ግን የሚመጣው ያጣቸዋል።

ጥያቄ፦ ትኬቴ ኢኮኖሚ ነው፤ ኢስታንቡል ላይ 7 ሰዓት እቆያለሁ። ጓደኛዬ «ላውንጅ ግባ፣ ምግቡም መጠጡም ነጻ ነው» ይለኛል። እውነት ነው?
(ከቀበሌ 18)

መልስ፦ ላውንጅ ማለት ተሳፋሪ በረራውን የሚጠብቅበት ልዩ ማረፊያ ክፍል ነው። ነጻ የሚሆነው ከገቡ በኋላ ነው፤ በሩ ላይ ግን መብት ይጠየቃል። መብቱ ከሦስት ከአንዱ ይመጣል፦ የቢዝነስ ትኬት፣ የአየር መንገድ የደንበኝነት ደረጃ፣ ወይም ክፍያ።

ደረጃውን ብዙ ሰው ያምታታዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው፤ ተርኪሽ፣ ሉፍታንዛና ዩናይትድም አባላት ናቸው። የሼባ ማይልስ፣ ማለትም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች አባልነት፣ ጎልድ ካርድ ያለው ሰው፣ ትኬቱ ኢኮኖሚም ቢሆን፣ በዚያው ቀን በአባል አየር መንገድ እስከበረረ ድረስ ላውንጅ ይገባል፤ አብሮት የሚጓዝ አንድ ሰውም ያስገባል። ሲልቨር በሌሎቹ አባላት ዘንድ ይህን በር አይከፍትም። በቢዝነስ ትኬት ብቻ የገባ ደግሞ እንግዳ ማስገባት አይችልም፤ ባልና ሚስት አንዱ ቢዝነስ አንዱ ኢኮኖሚ ሆነው በሩ ላይ የሚለያዩት ለዚህ ነው።

ከነዚህ ምንም ከሌለዎት የሚከፈልባቸው ላውንጆች አሉ፤ በር ላይ በባንክ ካርድ፣ ወይም እንደ ፕራዮሪቲ ፓስ ባለ አባልነት። ክፍያው ብዙ ጊዜ ለ3 ሰዓት ቆይታ ነው፤ ሲሞላም ይመልሳሉ። እኛን ከጠየቁን፣ ከ2 ሰዓት ተኩል በታች ለሆነ ቆይታ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው፤ ከፍተሻውና ከእግር መንገዱ በኋላ የሚተርፍዎ 40 ደቂቃ ላይሞላ ይችላል። ለ7 ሰዓት ግን ሻወርና ጸጥታ ያለበት ወንበር ያዋጣል። የመጀመሪያዎቹን 3 ሰዓታት አዳራሹ ውስጥ ያሳልፉና የላውንጁን 3 ሰዓት ወደ በረራው ያስጠጉት።

ሻወር ከፈለጉ እንደገቡ እንግዳ መቀበያው ላይ ይመዝገቡ፤ ተራ አለው። ከሁሉ በፊት ግን፣ ከላውንጅ ፍለጋ በፊት፣ በሰሌዳው ላይ የበርዎን ፊደልና ቁጥር ይፈልጉ። ፊደሉ ክንፉን፣ ቁጥሩ በሩን ይነግርዎታል፤ በርዎ በአንዱ ጫፍ ላውንጁ በሌላው ከሆነ የእግር መንገዱንም እንደ ወጪ ያስቡት። የበር ቁጥር ገና ካልወጣ በየግማሽ ሰዓቱ ይመልከቱ፤ ወጥቶም ሊለወጥ ይችላል። በድምፅ ይጠሩኛል ብለው ሶፋ ላይ አያንቀላፉ፤ ዱባይን የመሳሰሉ ትልልቅ ማረፊያዎች ተሳፋሪ በድምፅ መጥራት ትተዋል፣ በላውንጅ ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ጥሪ የለም። በሩ የሚዘጋው ትኬቱ ላይ ከተጻፈው መነሻ ሰዓት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው የምበረው። አውሮፕላን ላይ ጾም ምግብ ይገኛል?
(ከአራዳ)

መልስ፦ በረራው ሊነሳ ከ24 ሰዓት በላይ ሲቀረው «ቪ.ጂ.ኤም.ኤል» ብለው ያስመዝግቡ። ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ይህ ነው። «ቬጂቴሪያን» ብለው ብቻ ካዘዙ ወተትና እንቁላል ያለበትን «ቪ.ኤል.ኤም.ኤል»ን ሊጽፉልዎ ይችላሉ፤ የሕንዱም «ኤ.ቪ.ኤም.ኤል» ወተት አለበት። በረራዎ ከተቀየረ ትዕዛዙ አብሮ ላይሄድ ስለሚችል እንደገና ይጠይቁ። ላውንጅ ውስጥ አትክልት መስሎ ከሚቀርበው ሾርባ ይጠንቀቁ፤ ክሬም የገባበት ይበዛል።

ጥያቄ፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ማርና ቅቤ ይዤ ልሂድ? የቱን በእጄ፣ የቱን በሻንጣ?
(ከሳምናበር)

መልስ፦ ሁሉንም በሚጫነው ሻንጣ። ማርና ቅቤ ፍተሻው ላይ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ፤ በእጅ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ አያልፍም፣ ግማሽ ቢሆንም የሚታየው የዕቃው መጠን ነው። ወደ አሜሪካ ከሆነ ዱቄትም ገደብ አለው፤ በእጅ ቦርሳ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ በርበሬ ወይም ሽሮ ሊያስቀሩት ይችላሉ። አንድ መካከለኛ የሻይ ቴርሞስ እንኳ አይሞላም። እዚያ ሲደርሱ ምግብ መያዝዎን ለጉምሩክ ያሳውቁ፤ መዘዝ የሚያመጣው መደበቁ ነው። ቋንጣ ቤትዎ ይቅር።

ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ አይገባም፤ ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል።

ቅቤው ለምን ይፈስሳል ለሚሉ፦ ብዙ ሰው የአየር ግፊቱን ነው የሚከስሰው። ጎንደር ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ የአውሮፕላኑ ውስጥ አየርም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ጥፋተኛው ሙቀቱ ነው፤ ዱባይ አስፋልት ላይ ሻንጣው ሲጠብቅ ቅቤው ይቀልጣል። ክዳኑን በፕላስተር ያሽጉ፣ በሁለት ፌስታል ያድርጉ፣ ከበርበሬው ያርቁት። በርበሬውን መሐል ላይ፣ በልብስ ተከብቦ።

ጥያቄ፦ በፍራንክፈርት አልፌ ሌላ አገር እሄዳለሁ። ከማረፊያው አልወጣም። ቪዛ ያስፈልገኛል?
(ከብልኮ)

መልስ፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት አዎ፤ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ። የጸና የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ ያለው አይጠየቅም። ነገር ግን ሁለቱን በረራዎች በተለያየ ትኬት ገዝተው ከሆነ ቆም ይበሉ። ሻንጣው ፍራንክፈርት ላይ ከቀረ፣ እሱን ለማንሳት ድንበሩን አልፈው ጀርመን መግባት አለብዎ፤ ለዚያ የትራንዚት ቪዛም የካናዳ ቪዛም አይበቃም፣ የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ጀርመንን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ መግቢያ ቪዛ፣ ይጠየቃል። ችግሩ የሚወጣውም ፍራንክፈርት ላይ ሳይሆን ገና ቼክ ኢን ላይ ነው፤ አያሳፍሩዎትም። ርካሽ መስሎ የተገዛ ሁለተኛ ትኬት እዚያው ይቀልጣል።

ጥያቄ፦ ፓወር ባንክ በሻንጣ ይጫናል?
(ከኮሌጅ)

መልስ፦ አይጫንም፤ በእጅ ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ይፈቀዳል። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለውን በ3.7 አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉ፤ 74 ይመጣል፣ ያልፋል። አውሮፕላኑ በር ላይ «የእጅ ሻንጣህ ከታች ይጫን» ካሉዎት መጀመሪያ እሱን ያውጡ።