ጥያቄና መልስ፦ የኳየር መምህርን በሥራቸው ማስታወስ

ጥያቄዎቹ ከተለያዩ አንባቢያን የደረሱን ናቸው፤ ጉዳያቸው ግን አንድ ነው። ለብዙ ዓመታት ኳየር የመሩና ሙዚቃ ያስተማሩ ሰው ሲያርፉ ተማሪዎቻቸው ሥራቸውን እንዴት ያቆዩ? በምንስ ያስታውሷቸው?

ጥያቄ፦ የመምህራችን የኖታ ቅጂዎች ሁለት ካርቶን ሞልተው ቤተሰባቸው ዘንድ ተቀምጠዋል። በኮምፒውተር አስጽፈን በንጹሕ ልናሳትማቸው አስበናል። ከዚያ በኋላ አሮጌዎቹን ማስቀመጥ ያስፈልጋል?

መልስ፦ አስጽፉ፤ ከአሮጌዎቹ ግን አንዲት ገጽ እንኳ አትጣሉ። የታተመ ኖታ ከሌላ ቦታ ይገኛል፤ በእርሳስ የተጨመረው ግን ሌላ የትም የለም።

መጀመሪያ ስካን አድርጉ፣ ያውም በቀለም። ጥቁርና ነጭ የሚለውን ከመረጣችሁ ማሽኑ የደበዘዘውን እርሳስ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ያጠፋዋል። ለንባብ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት) ይበቃል፤ እርሳሱ የሳሳ ከሆነ 600 ይሁን። ወረቀት በራሱ የሚስብ ማሽን ጫፉ የተበላውን ይቀድደዋል፤ ስለዚህ በመስታወት ላይ አንድ በአንድ አንጥፉ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ዋናው ፋይል በቲፍ (ጥራቱን በሚጠብቅ የምስል ፋይል ዓይነት) ይቀመጥ፤ ለልምምድ የሚታደለው ፒዲኤፍ ቢሆን ግድ የለም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ቀጣዩን ነው። መሪ በራሱ ቅጂ ላይ የሚጽፈው እጁ የሚያደርገውን ነው፦ የት እንደሚያዘገይ፣ ለየትኛው ድምፅ መግቢያ እንደሚሰጥ። በልምምድ ላይ በቃል የተናገሩት ያለው በዘማሪዎቹ ቅጂ ላይ ነው፦ «እዚህ አትተንፍሱ»፣ «ቴነሩን ስሙ»፣ «ቃሉን ቶሎ አትዝጉ»። ስለዚህ ከአራቱ የኳየር ድምፆች፣ ከከፍተኛው እስከ ዝቅተኛው፣ ማለትም ከሶፕራኖ፣ ከአልቶ፣ ከቴነርና ከባስ ቢያንስ አንድ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ሁለት ቅጂ ሰብስቡ። ከዚያም በአንድ ሠንጠረዥ ላይ የባሩን (በኖታው ላይ በቋሚ መስመሮች የሚለየውን ክፍል) ቁጥር፣ ምልክቱን፣ ከየትኛው ድምፅ ቅጂ እንደተገኘና ዓመተ ምሕረቱን መዝግቡ።

ሁለት ቅጂዎች ቢጋጩ አንዱን ስሕተት ብላችሁ አትሰርዙ። ያንኑ ሥራ መሪው ከ10 ዓመት በኋላ በሌላ ፍጥነት ሊመሩት ይችላሉ፤ አዳራሹ የሚያስተጋባ ከሆነ ያዘገያሉ፣ ባሶቹ በቁጥር ካነሱ የቀሩትን ድምፆች ዝቅ ያስደርጋሉ። ዓመቱ ከታወቀ ልዩነቱ ምክንያቱን ያሳያል። በአዲሱ ኅትመት የመምህሩን ምልክቶች በሌላ ቀለም ለዩ፤ አለዚያ ከደራሲው ምልክት ጋር ተቀላቅለው ለዘለዓለም ይጠፋሉ።

ፈቃድን በተመለከተ፣ መምህሩ ያቀናበሩት ሥራ መብቱ ለወራሾቻቸው ይተላለፋል። ስለ ደራሲዎች መብት የተደረገው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዘመን ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ 70 ያደረጉ አገሮችም ብዙ ናቸው። ያቀናበሩት የሌላ ሰው ዜማ ከሆነ የዚያም ደራሲ ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል።

ጥያቄ፦ የድሮ ዝግጅቶችና ልምምዶች የተቀዱባቸው ካሴቶች አሉን። ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጣቸው ድምፁ ታፍኗል፤ አንዱ ደግሞ ከኖታው ኪይ (ሥራው ከተጻፈበት የድምፅ ከፍታ) ከፍ ብሎ ይሰማል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከማጫወታችሁ በፊት በካሴቱ ራስጌ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ መከላከያዎች ስበሩ፤ ያኔ በስሕተት በላዩ ላይ መቅዳት አይቻልም። ቀጥሎ ክሩን እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት፤ ለዓመታት የተቀመጠ ክር ይጣበቃል ወይም ይላላል። የ120 ደቂቃ ካሴት ክሩ በጣም ቀጭን ስለሆነ በተደጋጋሚ ወዲያ ወዲህ አታመላልሱት።

መታፈን ሦስት የተለመዱ መንስኤዎች አሉት። አንደኛው የማጫወቻው ሄድ (ክሩን የሚያነበው ክፍል) መቆሸሽ ነው፤ በአይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ ጥጥ ይጠረጋል። ሁለተኛው በካሴቱ ውስጥ ክሩን ከሄዱ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ስፖንጅ መውደቁ ነው፤ ክሩን በብሎን ወደሚከፈት ሌላ የካሴት ቤት ማዛወር ይጠይቃል። ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል፦ የማጫወቻው ሄድ ካሴቱ ከተቀዳበት ሄድ ጋር በአንድ አቅጣጫ አልቆመም። በሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በጣም በጥቂቱ እያዞራችሁ አዳምጡ፤ «ስ» እና «ሽ» ጥርት ብለው የሚሰሙበት ላይ አቁሙ። ይህ ለእያንዳንዱ ካሴት ለየብቻ ይደረጋል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ የሚገኘው ለውጥ ግን በየትኛውም የኮምፒውተር ማጣሪያ አይገኝም።

ስለ ኪዩ፣ የማጫወቻ ፍጥነት 6 በመቶ ገደማ ከተዛነፈ ሙዚቃው በግማሽ ቶን (በፒያኖ ላይ በአንድ ቁልፍና በሚቀጥለው መካከል ባለው ልዩነት) ይዛነፋል። ፍጥነቱን ለማስተካከል ፒያኖ ወይም ኦርጋን ያለበትን ክፍል መለኪያ አድርጉ። ያለ መሣሪያ የተዘመረውን መለኪያ ማድረግ ግን ያሳስታል፤ ኳየር ያለ አጃቢ ሲዘምር ራሱ ቀስ እያለ ሊወርድ ይችላል። በአንዱ ሥራ ላይ ጅማሬው ትክክል ሆኖ ፍጻሜው ግማሽ ቶን ከወረደ የወረደው ኳየሩ ነው፤ አታርሙት።

በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ሄርዝ በዌቭ ፋይል ቅዱ፤ አንድ ሰዓት ስቴሪዮ 2 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ከፍተኛው ድምፅ ከ−6 ዴሲቤል አይለፍ። ሹሹታውን የምታጠፉት በሌላ ቅጂ ላይ እንጂ በዋናው ላይ አይደለም። የልምምድ ካሴቶችን ደግሞ «ዝግጅት አይደለም» ብላችሁ ወደ ኋላ አታድርጓቸው። መሪው ኳየሩን አስቁመው ሲያርሙ የሚሰማው እዚያ ላይ ነው፤ እኛ ብንሆን ከእነሱ እንጀምራለን።

ጥያቄ፦ 35 የምንሆን የቀድሞ ተማሪዎች ለመታሰቢያ ዝግጅት ልንዘምር ነው። አብዛኞቻችን ከ20 ዓመት በላይ አልዘመርንም። እንባ እንዳያሸንፈንም ፈርተናል። ማን ይምራ የሚለውም አላስማማንም።

መልስ፦ የሚዘመሩትን ሥራዎች አታብዙ፤ አምስት ይበቃል። ከዝግጅቱ 6 ሳምንት በፊት ኖታውንና የየድምፁን የተቀዳ ልምምድ ላኩ፤ አራት የጋራ ልምምዶች ይኑሯችሁ። ለረጅም ጊዜ ያልዘመረ ጉሮሮ በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ከዘመረ ይሻክራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ አጭር ይሁን።

ድምፅ በዕድሜ ይለወጣል። የሶፕራኖው ጫፍ ከጠበበ ሥራውን በአንድ ቶን ዝቅ አድርጉ፤ ከመወሰናችሁ በፊት ግን ባስና አልቶ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ኖታ በጥራት ማውጣታቸውን ፈትኑ። ካልቻሉ በግማሽ ቶን ተስማሙ። «በድሮው ኪይ ካልሆነ እሳቸውን አያስታውስም» የሚል አይጠፋም፤ የሚሰነጠቅ ድምፅም አያስታውሳቸውም በሉት።

እንባን በተመለከተ፣ ሰው ሲያለቅስ ጉሮሮው ይጠብቃል፣ ማንቁርቱ ወደ ላይ ይሳባል፣ ትንፋሹም ያጥራል፤ እልህ ይብስ ያጠብቀዋል። ዝም በሉ፣ በአፍንጫ በቀስታ ወደ ሆድ ተንፍሱ፣ ዋጡ፣ ከዚያ በቀላል አናባቢ ላይ ተመለሱ። ይህ እንዲቻል ትንፋሽ በተራ የሚወሰድበትን ልማድ ተለማመዱ፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች በአንድ ቦታ አይተንፍሱ። ያኔ ከአንድ ድምፅ ሁለት ሰው ቢያቋርጥም መስመሩ አይበጠስም። ሶሎ ለቅርብ ዘመድ አትስጡ፤ ለሶሎውም ተተኪ አዘጋጁ። ፎቶግራፋቸው ከዘማሪዎቹ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ይቀመጥ። ልብ የሚነካው ሥራ መጀመሪያ ላይ ከሆነ የቀሩትን አራቱን ያበላሻል፤ አራተኛ ይሁን።

መሪዎች ከሁለት አይብለጡ፤ ሰው በተቀየረ ቁጥር የመግቢያው ትንፋሽ ይቀየራልና እያንዳንዱ ቢያንስ ሁለት ልምምድ ያስፈልገዋል። የመምህሩን የእጅ አመል መኮረጅ ክልክል ይሁን፤ ዘማሪውን ያስቀዋል ወይም ያስለቅሰዋል። አንዱን ሥራ ያለ መሪ መዘመር ከፈለጋችሁ ቀስ ያለና አራቱም ድምፆች ቃሉን አብረው የሚናገሩበትን ምረጡ። በግማሽ ክብ ቁሙ፣ ከዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት ከ7 ሜትር አይለፍ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ 7 ሜትር 20 ሚሊ ሰከንድ ያህል መዘግየት ያመጣል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጫፍና ጫፍ መለያየታቸው ይሰማል። መሃል ላይ የቆመ አንድ ሰው በሚታይ ትንፋሽ ያስጀምር።

ጥያቄ፦ መምህራችን ይጠቀሙበት የነበረው ቱኒንግ ፎርክ (ሲመታ አንድ ቋሚ ድምፅ የሚሰጥ ሹካ መሰል ብረት) ለዝግጅቱ ተሰጠን። ከፒያኖው ጋር ግን አይገጥምም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ በግንዱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እዩ። 435 ሄርዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) ከሆነ አልተበላሸም፦ እ.ኤ.አ. በ1859 በፈረንሳይ የጸደቀው የ«ላ» ኖታ መለኪያ ነው። ዛሬ የሚሠራበት 440 ሄርዝ ስለሆነ የእናንተው የግማሽ ቶን አንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ይላል። ያለ አጃቢ ለሚዘመሩት ተጠቀሙበት፤ ፒያኖ ላለባቸው ኖታውን ከፒያኖው ውሰዱ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስታልፉ ትንሽ ጸጥታ ይግባ፣ ጆሮ የቀደመውን እንዲተው። በብረት ወይም በጠረጴዛ ጠርዝ አትምቱት፤ ከዋናው ድምፅ በላይ ሹል ድምፅ ያወጣል፣ ጣቶቹም ይጎዳሉ። በጉልበት ላይ መታ አድርጉና ግንዱን ከጆሮ ኋላ ካለው አጥንት ላይ አስደግፉ።