መልስ፦ የድራግ መኪናዬ ካምቢዮ ለምን ይግላል?
«ፓወርግላይድ (ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ) ካምቢዮ የገባለት የድራግ (በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ የሚደረግ የፍጥነት ውድድር) መኪናዬ ሁለት ሦስቴ ከሮጠ በኋላ የካምቢዮ ዘይቱ በጣም ይግላል» ላልከው፦

ወንድሜ፣ ካምቢዮውን ከመፍታትህ በፊት ቶርክ ኮንቨርተሩን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካኝነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን ክፍል፣ ተጠራጠር። አብዛኛው ሙቀት የሚመጣው ከእሱ ነው። በተለይ መነሻው ላይ ፍሬን ይዘህ ነዳጅ ስትሰጥ መኪናው ስለማይንቀሳቀስ የሞተሩ ጉልበት በሙሉ ዘይቱን እያመሰ ሙቀት ብቻ ይሆናል፤ እዛ ላይ አትቆይ። ራዲያተር ውስጥ ያለችው ማቀዝቀዣም ብቻዋን አትበቃም። ለብቻው የሚሠራ ማቀዝቀዣ ከነፋኑ ግጠም፣ ምክንያቱም በዙሮች መሀል መኪናው ቆሞ ስለሚጠብቅ ንፋስ አያገኝም፣ ፋኑ ግን ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ሊሠራ ይችላል። ዘይት አታብዛ፣ አረፋ ይሠራል። የሙቀት መለኪያ የግድ ነው! የዘይት ቋቱ ላይ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ጥሩ ነው፤ 120 ካለፈ ግን አቁም፣ ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተህ ደግሞ ሳትሳሳ ቀይረው።