ስለ ባሕር ኦተር (ባሕር ውስጥ ስለሚኖረው ባለ ጠጉር አጥቢ እንስሳ)፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጠያቂ ከደብረ ብርሃን፦ መምህር፣ የባሕር ኦተርና ዓሣ ነባሪ ሁለቱም የባሕር አጥቢ ይባላሉ። ይዛመዳሉ?

መልስ፦ በቅርብ አይዛመዱም። «የባሕር አጥቢ» የኑሮ ስም እንጂ የዘር ስም አይደለም። እንስሳን በትውልዱ እንጂ በመኖሪያው አትመድቡ። የዓሣ ነባሪ የቅርብ ዘመዱ ጉማሬ ነው። በቀይ ባሕር የሚኖረው፣ ዱጎንግ የሚባለው አጥቢ የዝሆንና በየገደላችን የምናየው የሽኮኮ ወገን ነው። የባሕር ኦተር ደግሞ ከጓሳው ቀይ ቀበሮ ጋር ሥጋ በል በሚባለው ክፍል ይገባል። የቅርብ ቤተሰቡ ግን ቀፎ ሰብሮ ማር የሚዘርፈው፣ ጀርባው ነጣ ያለ፣ ሆዱ ጥቁር አውሬ ነው።

ጠያቂ ከመሐል ሜዳ፦ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ እንዴት አይበርደውም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እንደ ዓሣ ነባሪ ከቆዳው ሥር ወፍራም ስብ የለውም፤ ያለው ጠጉር ነው። የመንዝ በግ ጠጉር በጣት ሲገለጥ ቆዳው ይታያል። በኦተሩ ላይ ግን በአንዲት ካሬ ሴንቲ ሜትር እስከ 150,000 ጠጉር ስለሚበቅል ውሃ ወደ ቆዳው አይዘልቅም። የሚያሞቀው በጠጉሩ መካከል የታመቀው አየር ነው፤ ስለዚህ ሲያሽና ሲልስ፣ አየር ሲነፋበትም ይውላል። በቀንም የክብደቱን ሩብ ያህል ይበላል። ይኸው ጠጉር መከራ አመጣበት፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1741 በኋላ አዳኞች ስለ ቆዳው ፈጁት፤ በ1911 በውል ሲጠበቅ የቀሩት ቢበዛ ወደ 2,000 ነበሩ። በ1989 አላስካ ላይ ነዳጅ በፈሰሰ ጊዜም ጠጉሩ እየተጣበቀ ብዙዎቹ በብርድ አለቁ። ይህ ያሳዝነኛል።

አባል ከመሐል ሜዳ፦ የመንዝ በግ ባናስ ብርድ ያስረሳ የለም እንዴ?

አባል ከደብረ ብርሃን፦ ከባና የፋብሪካ ብርድ ልብስ ይሻላል፤ አይከብድም።

አባል ከመሐል ሜዳ፦ አንድ ሌሊት ጓሳ እደርና ንገረኝ።

መልስ፦ ባናውን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ጠያቂ፦ ጀማ ወንዝ ላይ አንድ ነገር ሲዋኝ አየሁ። ምንድን ነው?

መልስ፦ «አንድ ነገር» ብሎ ጥያቄ የለም። የባሕር ኦተር አይደለም፤ እሱ የሚኖረው በሰሜን ፓስፊክ ዳርቻ ብቻ ነው። በአገራችን የወንዝና የሐይቅ ኦተሮች አሉ፤ መጠኑን፣ የፊት እግሩን ጣትና ዱካውን ጽፈህ ላክ።

ጠያቂ ከሸዋ ሮቢት፦ ዓሣ ነባሪ ዓሣ ካልሆነ ስሙ ለምን ዓሣ አለ?

መልስ፦ አሁንም እላለሁ፦ ስምም መኖሪያም አይመድብም። በሳንባ ይተነፍሳል፣ ያጠባል፤ በቃ።

ጠያቂ ከአንኮበር፦ ልጄ ናት የምትጠይቀው። እናቲቱ ምግብ ፍለጋ ስትጠልቅ ግልገሏን ለማን ትተዋለች?

መልስ፦ ጎበዝ ልጅ! የግልገሉ ጠጉር አየር ስለሞላው ልስጠም ቢል እንኳ አይሰጥምም። ማዕበል እንዳይወስድባት አንዳንዴ ኬልፕ በሚባለው ረጅም የባሕር አረም ጠቅልላው ትጠልቃለች። ስትመለስ ሆዷ ላይ አስተኝታ ታጠባዋለች።